ሁለት ሰው ሲጠፋ

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት እግሬ ረግጦት በማያውቀው አገር መሣሪያ ተሸክሜ ስዞር ነው። ስለዚህ አንዳችሁ «ከጓደኛዬ ጋር ወደማላውቀው አካባቢ ልሄድ ነው» ስትሉኝ ዝም ማለት አልችልም። እናንተ የምታስቡት ስለ ጫማና ስለ ባትሪ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጓደኛው ነው።

ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ ጓደኛ ስለሆነ ነው የሚያሳስበኝ።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ይፈራል። መንታ መንገድ ላይ ቆም ይላል፣ ወደኋላ ዞሮ ያያል፣ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ሁለት ሲሆኑ ግን ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፣ አንዱ በሌላው ተማምኖ ይሄዳል። እኔና ጓደኛዬ በሃያዎቹ ዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንድ ቆላ ስንወርድ የሆነው ይኸው ነው። እሱ «ቀያሹ አለ» ብሎ መንገዱን ለእኔ ትቶታል። እኔ ደግሞ ማታውን ካርታ ዘርግቶ ሲያይ ስላመሸ አጥንቶታል ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ድንገት ቆመና «ቆይ፣ በየት በኩል ነው የምንሄደው?» አለኝ።

«አንተን እየተከተልኩ አይደል እንዴ!»

ለካ ፊት ፊት የሚሄደው እግሩ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ነው።

ሲመሽ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደረስን። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ነፋስም የለም። ጨርቃችንን አንጥፈን ጫማ ስናወልቅ አንድ ከብት የሚነዱ ሽማግሌ ከዳገቱ ላይ ጮኹብን። «ተነሱ! ውሃ ይወስዳችኋል!» በላያችን ጠብታ ደመና የለም። ጓደኛዬ ሳቀ። ሽማግሌው በበትራቸው ሩቅ ተራራ አሳዩን፤ እዚያ መብረቅ ብልጭ ድርግም ይላል። እያጉረመረምን ወጣን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ያንን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ደረቅ ወንዝ እንዲሞላ እናንተ ያላችሁበት መዝነብ የለበትም፤ ራስጌው ላይ ከዘነበ ይበቃል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ያዳነኝ ግን የሽማግሌው ጩኸት ነው።

እንግዲህ ከመነሳታችሁ በፊት ተቀመጡና መንገዱን የሚያየው ማን እንደሆነ አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ። በየሰዓቱ ተቀያየሩ። ከዚያ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ፤ እዚህ ሰዓት ድረስ ካልደረስን እንዞራለን በሉ። ይህ የሚወሰነው ቤት ነው። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ማንም በጓደኛው ፊት ፈሪ መባል አይፈልግም። ሁለታችሁም መመለስ እያማራችሁ ሁለታችሁም ወደፊት ትሄዳላችሁ።

ሰዓቱን በግምት አታድርጉት። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካርታው ወረቀት ስለሆነ ግን ዳገቱ አያደክምም። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 ያወጣው ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ፣ ወደ ላይ ለምትወጡት ለ600 ሜትር ከፍታ ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። 12 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ዳገት ጋር ከሆነ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያውም ሳታርፉ፣ ፎቶ ሳትነሱ። እኔ ሁልጊዜ ግማሹን እጨምርበታለሁ።

ሰው ስትጠይቁም አጠያየቅ አለው። «ወደ እገሌ መንደር የሚወስደው ይህ ነው?» ካላችሁ፣ እንግዳ ላለማሳፈር ብሎ «አዎ» የሚላችሁ ሞልቷል። «የትኛው ነው የሚወስደው?» በሉና ዝም ብላችሁ እጁን እዩ። «ሩቅ ነው?» አትበሉ፤ ለለመደው ሰው ሁሉም ቅርብ ነው። «ጠዋት ብነሳ መቼ እደርሳለሁ?» በሉ። ሁለታችሁ ለየብቻ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ደግሞ ጓደኛ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ስልክ አለን ትሉኛላችሁ። ጥሩ። ጂፒኤሱ ሳተላይት እንጂ ኔትወርክ አይፈልግም፤ የካርታው ሥዕል ግን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አውርዱት። በሁለቱም ስልክ ላይ!

ከፍታ ያለበት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ከፍታው ራሱ ያሳምማል፤ ራሱን ያመመው ሰው ይናገር። እኔ አንዴ ጉዞውን አበላሻለሁ፣ ፋራም እባላለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ደብቄው አድሬያለሁ። ጠዋት ሲገባኝ ጓደኛዬም ደብቆኝ ነበር። ራስ ምታት ይዞ ወደ ላይ አይወጣም። እየባሰ ከሄደ፣ ሰውየው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሳይውል ሳያድር መውረድ ነው።

ትጣላላችሁም። አትደንግጡ፤ ግማሹ ጠብ ረሃብ ነው። መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ተጨቃጨቁ።

እኔና ያ ጓደኛዬ ያንን ጭቅጭቅ እስካሁን አልጨረስነውም። ካርታው የነበረው በእሱ ቦርሳ ነው። እሱ ግን በአንተ ነበር ይላል።