የፋይዳ ቁጥር፣ የጠፋ ስልክ እና ዶሜይን፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች

የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራችን የአባላቱን ፊን (የፋይዳ መለያ ቁጥር) ከማሳቸው የጂፒኤስ ነጥብ ጋር ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ማከማቻ) ላይ ያስቀምጣል። ፊኑን በሻ-256 ሃሽ አድርገነዋል (በቀጥታ ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይረነዋል)፤ ይበቃል? (ከሒርማታ)

አይበቃም። ፊን 12 አሃዝ ስለሆነ ሊኖር የሚችለው ቁጥር ቢበዛ 1 ትሪሊዮን ነው። አንድ ደህና የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ቢሊዮን ሃሾችን ያሰላል፤ የሃሾቹ ሠንጠረዥ እጁ የገባ ሰው ቁጥሮቹን ሁሉ በደቂቃዎች ሞክሮ የየገበሬውን ፊን ያወጣል። ሃሹን ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት መዝገብ) ላይ ማስፈር ደግሞ የባሰ ነው፤ አይሰረዝም።

ለየአባሉ በዘፈቀደ የተፈጠረ መለያ ስጡ፣ የማሳው መረጃም ከእሱ ጋር ብቻ ይያያዝ። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ፊኑ የግድ ካስፈለገ ኤችማክ (ከሚስጥራዊ ቁልፍ ጋር የሚሰላ ሃሽ) ተጠቀሙ። ሚስጥራዊ ቁልፉ ግን በክላውዱ የቁልፍ ማስተዳደሪያ አገልግሎት ይቀመጥ፤ ዳታቤዙ ውስጥ ከሆነ መጠባበቂያ ቅጂው በተሰረቀ ቀን ቁልፉም አብሮ ይሄዳል።

ገዢ «ይህ ገበሬ አባላችሁ ነው ወይ?» ሲል ዝርዝሩን በኤክሴል አትላኩ፤ እባካችሁ። ማኅበሩ በዲጂታል የፈረመው የአባልነት ማስረጃ በገበሬው እጅ ይሁን፤ ገዢው ፊርማውን በማኅበሩ ይፋዊ ቁልፍ (ማንም ሊያየው በሚችለው የፊርማ ማረጋገጫ ኮድ) ያረጋግጣል። ስማርት ስልክ ለሌለው በኪውአር ኮድ ወረቀት ላይ ይታተምለት። ወረቀት ፎቶኮፒ ስለሚደረግ ግን ከመታወቂያው ጋር ይመሳከር።

ዲጂታል ዲግሪዬ ያለበት ስልክ ጠፋ። የዋሌቱ (ዲግሪውን የሚይዘው መተግበሪያ) 12 የመመለሻ ቃላት አሉኝ፤ ዲግሪውም ይመለሳል? (ከኮቺ)

ቃላቱ የሚመልሱት ቁልፉን ነው። ማስረጃው (ዲግሪው) ሌላ ፋይል ስለሆነ የተመሰጠረ መጠባበቂያ ከሌለዎት ተቋሙ እንደገና ማውጣት አለበት። ቢኖርዎትም አሮጌው ዛሬውኑ እንዲሻር ይጠይቁ፤ ስልኩን የከፈተ ሰው በስምዎ ሊያቀርበው ይችላል። አዲሱን በአዲስ ቁልፍ ያስወጡ። የአዲሱን ዋሌት ቃላት በእስክሪብቶ ይጻፉ እንጂ ፎቶ አያንሱ፤ ፎቶው ሳያውቁት ክላውድ አልበም ላይ ይሰቀላል።

ማስረጃ ለሚፈርም ድርጅት የትኛው ዲጂታል መለያ (ዲአይዲ) ይሻላል፣ ዲአይዲ፦ዌብ ወይስ ዲአይዲ፦ኪ? (ከአጂፕ)

ዌብ። በኪ መለያው ራሱ ቁልፉ ስለሆነ ቁልፍ መቀየር አይቻልም። ዌብ ግን በዶሜይናችሁ (በድረ ገጽ አድራሻችሁ) ላይ የቆመ ነው፦ የዶሜይኑ ክፍያ ጊዜ አልፎ ሌላ ሰው ከገዛው በእናንተ ስም ይፈርማል። ቁልፍ ስትቀይሩ አሮጌውን ይፋዊ ቁልፍ ዶሜይኑ ላይ ካለው የዲአይዲ ሰነድ አታውጡ፤ ካወጣችሁት በእሱ የተፈረሙት ማስረጃዎች ሁሉ ሲረጋገጡ ይወድቃሉ። የሚወጣው ቁልፉ ከተሰረቀ ብቻ ነው፤ ያኔ ማስረጃዎቹን እንደ አዲስ መፈረም የግድ ይሆናል።