ልጇ የሞተባትን እናት «አታልቅሺ» ማለት ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ24 ዓመት ልጄ ታሞ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። አርባውን አውጥተናል፤ ሰማንያውንም እንደ አቅማችን አስበናል። እንባዬ ግን አልቆም አለኝ። አክስቶቼ «ብዙ ካለቀስሽ ነፍሱ አታርፍም፤ እምነት ያለው ሰው እንዲህ አይሆንም» ይሉኛል። ጸሎት ልጀምር ስል አፌ ይያዛል። ለሙት ዓመቱ ደግሞ ዘመድ ትልቅ ድግስ ይጠብቃል፤ እኔ ገንዘብ የለኝም። ሌላም አለ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። በልጄ ለቅሶ ከአጠገቤ አልተለየችም። አሁን የእሷም ባል ሞተ። እኔ ራሴ ሳልጽናና እሷን በምን ቃል ላጽናናት?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የልጅሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ።

በጣም ከከበደሽ ልጀምር። ማልቀስሽ የእምነት ጉድለት አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ናይን በምትባል ከተማ የነበረች አንዲት መበለት አለች። አንድያ ልጇን ልትቀብር ስትወጣ ጌታ መንገድ ላይ አገኛት። አዘነላትና «አታልቅሺ» አላት። አክስቶችሽ ይህን ቃል ሊጠቅሱልሽ ይችላሉ። ቀጥሎ የሆነውን ግን እዪ። ቀርቦ ቃሬዛውን ነካ። «አንተ ጐበዝ፥ እልሃለሁ፥ ተነሣ» አለው። የሞተውም ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ለእናቱም ሰጣት። ጌታ «አታልቅሺ» ያላት ልጇን እዚያው በእጇ ሊመልስላት ነው። ያን ቃል ለመናገር ሥልጣን ያለው ሞትን የሚያዝዝ ብቻ ነው። እኛ ለቅሶ ደራሾች ያ ሥልጣን የለንም። ለእኛ የታዘዝነው «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ተብሎ ነው፤ ሮሜ 12፥15።

ደግሞ ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ መጀመሪያ አለቀሰ። ማርያምና ማርታን ስለ እንባቸው አልገሠጻቸውም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደስታ እንደሚሆን የሚያውቅ ጌታ የእነሱን እንባ አልዘለለውም።

ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ «አትዘኑ» ብሎ አላቆመም። ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው የመከራቸው። ስለዚህ ተስፋ ያለው ሰውም ያዝናል። ዳዊትን ተመልከቺ። ሕፃኑ ሲሞትበት ተነሥቶ ታጠበ፤ በላ። «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አለ። ሰዎች ይህን ታሪክ ጠቅሰው ሐዘንተኛን ያስቸኩላሉ። ያው ዳዊት ግን አቤሴሎም ሲሞት ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ የልጁን ስም ደጋግሞ እየጠራ አለቀሰ። አንድ ሰው ነው፤ አባት ነው፤ ለሁለቱ ልጆቹ ያዘነው በአንድ ዓይነት ሐዘን አይደለም። የአንቺም ሐዘን የሌላ ሰው ሐዘን ባለቀበት ቀን ማለቅ የለበትም።

«ነፍሱ አታርፍም» የሚለውን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አላስተማረችም። የልጅሽ ዕረፍት ያለው በእግዚአብሔር ምሕረት ነው። የእናት እንባ ያንን ምሕረት አይከለክልም። ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ ሲሞት፣ በጸሎት የተጉ ሰዎች ቀብረውት ታላቅ ለቅሶ አለቀሱለት፤ ሐዋርያት ሥራ 8፥2። እንባ ነፍስን የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ቅዱሳን ሰዎች ቀዳሚውን ሰማዕት ጎድተውታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የእኛው ማኅሌት አለ። በዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ካህናቱ ሌሊት ቆመው ሰቆቃወ ድንግልን ያደርሳሉ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያለቀሰችውን ለቅሶ ነው የሚያዜሙት። የእናትን እንባ በከበሮና በጸናጽል የምታስብ ቤተ ክርስቲያን የአንቺን እንባ አትንቅም።

የተከለከለው ሌላ ነው። ፊት መንጨት፣ ደረትን እስኪቆስል መድቃት፣ ራስን መጉዳት። ኦሪት ዘዳግም 14፥1 ስለ ሞተ ሰው ብለው ገላቸውን እንዳይነጩ ያዝዛል። በገጠራችን ይህ አሁንም ይታያል፤ ካህናትም መገሠጻቸው ልክ ነው። ግን ግሣጼው ለቁስሉ ነው፤ እንባውን ሊያስቆም አይደለም።

ጸሎት ላይ አፌ ይያዛል ላልሽው፣ በመዝሙረ ዳዊት ጀምሪ። መዝሙር 12ን ክፈቺ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህ ቃል የተሰበረ ሰው ጸሎት ሆኖ ነው የተጻፈው፤ ማንም ከመጽሐፉ አላወጣውም። አንብበሽ መጨረሻው ላይ ካለው መታመን መድረስ ካልቻልሽ፣ የደረስሽበት ላይ ቁሚ። ነገም እዚያው ጀምሪ። እሱም ካልሆነልሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በይና ተኚ። የልጅሽን የክርስትና ስም ለነፍስ አባትሽ ስጪ። አንቺ ዝም ባልሽበት ቀን ካህናቱ በቅዳሴ ስሙን ያነሡልሻል። አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ ፈጽሞ ከጠፋ፣ ምግብ አልወርድ ካለ፣ ወይም «እኔም ብሞት» የሚል ሐሳብ ከተመላለሰብሽ፣ ለነፍስ አባትሽም ለሐኪምም ዛሬውኑ ንገሪ። ጠበል መጠመቅና ሐኪም ቤት መሄድ አይጣሉም። ይህን የምለው ብዙ ሰው አፍሮ ስለሚደብቀው ነው።

ስለ ሙት ዓመቱ አጭር መልስ አለኝ፤ አትበደሪ። ሠልስቱ የጌታን በሦስተኛው ቀን መነሣት፣ አርባው ዕርገቱን እንድናስብ ያደርገናል። የሁሉም ፍሬ ነገር ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ጠላው፣ ሥጋው፣ የዳሱ ስፋት ከሰው የመጣ ነው። ቅዳሴ አስቀድሺ። ካለሽ ላይ እንጀራና ሽሮ አዘጋጅተሽ ጥቂት ችግረኞችን አብዪ። ይበቃል። ዘመድ ቢያማ ይማ። የእኛ ወሎ ድንኳን ሳይጣልላቸው የተቀበሩ ስንት ልጆች አሏት! በ1966 እና በ1977 ረሃብ፣ በ2014ቱ ጦርነት በችኮላ ተቀብረው የቀሩ አሉ። ማንም አልደገሰላቸውም። በየቅዳሴው ያረፉት ሁሉ ሲታሰቡ ግን እነሱም አሉበት። እግዚአብሔር እነሱን ካልረሳ፣ የአንቺን ልጅ በድግስ ማነስ አይረሳውም።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ እንምጣ። «ሳልጽናና እንዴት ላጽናና» አልሽ። ሐዘንሽ እስኪያልቅ ከጠበቅሽ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን እኛም ሌሎችን እንድናጽናና ነው ይላል። አንቺ ደግሞ ሳታውቂው ብዙ ተቀብለሻል። ያቺ ሴት ከአጠገብሽ ያልተለየችበት ቀን ሁሉ መጽናናት ነበር።

ምን ልበል ላልሽው፣ የኢዮብን ወዳጆች አስቢ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጥፋታቸው የጀመረው ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። አንቺም ሞቱን ልታስረጂያት አትሞክሪ። «ጌታ የሚወደውን ነው የሚወስደው» የሚለውን ተይው፤ አንቺ ስትሰሚው ምን እንደተሰማሽ ታውቂዋለሽ። «ልጆች አሉሽ አይደል» የሚለውንም ተይው። ባሏን በስሙ ጥሪው። ያደረገልሽን መልካም ነገር ካስታወስሽ ንገሪያት። ሐዘንተኛ የሚፈራው የሞተው ሰው ስም ከሰው አፍ እንዳይጠፋ ነው።

የእምነቱ ልዩነት አያስጨንቅሽ። በወሎ ቅሬ፣ ማለትም በእድሩ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ መቃብር ይቆፍራል፤ እዝን ይዞ ይመጣል። በለቅሶ ቤት የሃይማኖት ክርክር አይነሣም። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የቆሰለውን ያነሣውን ሳምራዊ ነው ምሳሌ ያደረገው። ጎረቤትሽ ስለ ተስፋሽ ከጠየቀችሽ በትሕትና መልሺላት፤ ካልጠየቀችሽ በልብሽ ጸልዪላት። በእነሱ ዘንድ ድምፅ አውጥቶ መጮኽ አይወደድም። ስለዚህ ሙሾ ይዘሽ አትሂጂ። እንዲሁ ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ። «አብሽሪ» ብትልሽ እሷው አንቺን ልታጽናና ነው፤ ተቀበያት፤ አብራችሁ ብታለቅሱም ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቤቷ ሰው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። አንቺ የምታስፈልጊያት ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳ 4 ወር ከ10 ቀን ትቀመጣለች፤ በዚያ ጊዜ እንደ ልብ አትወጣም። ገበያ ስትሄጂ «ምን ላምጣልሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሽንኩርት ይሁን ዘይት፣ የልጆች ደብተር ይሁን፣ ያስፈለጋትን ይዘሽላት ግቢ። ቡና ስታፈዪም ጥሪያት፤ መውጣት ካልፈለገች ጀበናውን ይዘሽ አንቺ እሷ ዘንድ ሂጂ።