ሕፃናት እንቅስቃሴን እንዴት ያያሉ? ጥያቄና መልስ

ስለ ጨቅላ ሕፃናት እይታ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች መካከል እንቅስቃሴን የሚመለከቱትን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ሳምንቷ ነው። ፊቴን በዓይኗ ትከተላለች፤ ግን ዓይኗ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ችግር ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የዕድሜዋ ነው። ፊትሽ ያመልጣትና ዓይኗ ዘለል ብሎ ይደርስበታል። ሳይቆራረጥ መከተል የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ነው፤ እስከ 4ኛው ወር እየተሻሻለ ይሄዳል። ልታዪው ከፈለግሽ ጠግባ ነቃ ስትል ፊትሽን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል አቅርቢላት። ድምፅ ሳታሰሚ በጣም በዝግታ ወደ ጎን ሂጂ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አራስ ልጅ እንቅስቃሴ ያያል ማለት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ያያል። ነገር ግን አንድ ነገር መንቀሳቀሱን ማየትና ወዴት እንደሚሄድ መለየት ለየቅል ናቸው። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ተመራማሪዎች የሕፃኑ ራስ ላይ የአንጎልን ምላሽ የሚመዘግቡ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጥፋሉ። ስክሪን ላይ ነጥቦች ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ ቆይተው ድንገት አቅጣጫ ይቀይራሉ። የአንድ ወር ልጅ አንጎል ለዚህ ለውጥ የተለየ ምላሽ ሲሰጥ አይታይም። ከ7ኛው ሳምንት ወዲህ ግን ምላሹ ብቅ ማለት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይንን በብዛት የሚመራው የአንጎል የውስጠኛው ክፍል ነው፤ አቅጣጫን የሚለየው የላይኛው ሽፋን ግን ገና እየበሰለ ነው።

ጥያቄ፦ ሕያው የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ይለያሉ?

መልስ፦ ፍንጩ ከልደት ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ 2 ቀን ለሆናቸው ሕፃናት የምትራመድ ዶሮን መገጣጠሚያዎች የሚያሳዩ ነጥቦች ብቻ ቀረቡላቸው። በዘፈቀደ ከሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ይልቅ እነዚህን ረዘም አድርገው አዩ። ዶሮ አይተው የሚያውቁ አልነበሩም!

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ቪዲዮ ባሳየው ይረዳዋል?

መልስ፦ አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1 ዓመት በታች ላሉ ስክሪን አይመክርም። ፊትህና እጅህ ይበቁታል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ዘንድ የምንሄደው መቼ ነው?

መልስ፦ 3 ወር ሞልቶት ፊት የማይከተል ከሆነ ውሰዱት። የዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታያችሁ ግን ዛሬ ነገ አትበሉ። የሞራ ግርዶሽ (የዓይን ሌንስ መደፍረስ) ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ይዞ የተወለደ ልጅ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆን ይመረጣል። ዘግይቶ ከታከመ ሞራው ተነስቶለትም ብዙ ነገሮች አብረው ሲንቀሳቀሱ ወዴት እንደሚሄዱ መለየት ካደገ በኋላ ሊቸግረው ይችላል።