ስሙ ይለጠፍ፣ አስተያየቱ ይቆለፍ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኮምቦልቻ ላይ የኮምፒውተር በጎ ፈቃደኞች እንደሆናችሁ፣ አዲስ አስተባባሪ ልትመርጡ እንደሆነ ጽፈሻል። የእጩዎቹን ስም ለአባላት እንግለጽ ወይስ አስመራጮቹ ጋ በምስጢር ይቆይ ነው ያልሽው። እኛም ደሴ ላይ ልክ እንደናንተው ነበርን። ልጆች ፕሮግራሚንግ እናስተምራለን፣ የተበላሹ ኮምፒውተሮች እንጠግናለን። ደሞዝ የለውም። ሰው ቅር ካለው ነገ አይመጣም፣ በቃ።

1. ስም ይውጣ። ተጠቁሞ «እሺ» ያለ ሁሉ ስሙ ይለጠፍ። የኛ አስመራጮች መጀመሪያ ደብቀውት ነበር፤ ያልተመረጠው እንዳያፍር ብለው። ሐሳባቸው ቅን ነው። ግን ፒያሳ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ስሙን ያውቅ ነበር። ያላወቁት ከከተማ ራቅ ያሉት ልጆች ናቸው፤ እነሱም ስለ እጩዎቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቀሩ። የኢንተርኔትን የአሠራር ደንቦች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ እንኳ በዚህ መንገድ አልፏል። አስመራጮቹ ስም ይደብቁ ነበር። አስተያየት ሲፈልጉ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ዝርዝር ይልካሉ፤ እውነተኛው እጩ እንዳይለይ የማይወዳደሩ ሰዎችን ስም የሚቀላቅሉበት ጊዜም ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ደንቡ ተሻሽሎ የፈቃደኛ እጩዎችን ስም ይፋ ማድረግ ተፈቀደ። ስለ እጩዎቹ የሚሰጠው አስተያየትና የኮሚቴው ውይይት ግን ዛሬም ምስጢር ነው።

2. አስተያየት ይቆለፍ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልነው። ለምርጫው አዳራሽ ፈልገን አንድ ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው ሙሉ ቃለ ጉባኤ ካላየሁ አልፈቅድም አለ። ሰብሳቢያችን ክላሰሩን እንዳለ ሰጠው፤ አባላት በእጃቸው የጻፉት አስተያየት እውስጡ ነበር። ሰውየው ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «ይሄኛው ቃሉን አያከብርም ይላል። ማነው የጻፈው?» ወንድሜ፣ ላንተ የተጻፈ አይደለም አልኩት። «እዚህ ቤት ግልጽነት ነው የምንሠራው» ብሎ ቀጠለ። ኧረ ተው! የሰው ገመና ማንበብ ግልጽነት ሆኖ ያውቃል? ወሬው ከኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። አስተያየቱ የተጻፈበት እጩ፣ ኔትወርካችንን የዘረጋው ልጅ፣ በዚያው ቀረ። አስተያየቱን የጻፈችው የእጅ ጽሑፏ ታወቀ፤ እሷም ቀረች። እሱ ያስተማራት ልጅ ነበረች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ የእጩዎች ስም፣ የምርጫው ደንብና የድምፅ ቆጠራው ብቻ ይግባ። አስተያየቱ ለብቻው አንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፣ ምርጫው ሲያልቅ ይቃጠል። ማንም ኃላፊ ቢጠይቅ «የለም» በሉት። አዳራሹ ቢቀር ይቅር፣ ግቢ ውስጥ ምረጡ። እኛ በኋላ እንደዚያ ነው ያደረግነው።

3. ድምፁስ? ይህን ከዴቢያን ነው የወሰድነው። ዴቢያን የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ መሪ ይመርጣሉ። ማን ማንን እንደመረጠ አይወጣም። ግን እያንዳንዱ መራጭ የራሱ ድምፅ መቆጠሩን በምስጢር ኮድ ያረጋግጣል። እኛ በወረቀት አደረግነው። መራጩ ራሱ ያወጣውን ቁጥር ካርዱ ላይ ይጽፋል። ከቆጠራ በኋላ ቁጥሩና ምርጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቁጥሩን ለማንም እንዳይናገር አጥብቃችሁ ንገሩት። የተሸነፈው ልጅ ጣቱን እያስኬደ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ከዚያ ያሸነፈችውን ሄዶ አቀፋት። ዛሬም አስተባባሪያችን እሷ ናት፣ እሱም አብሯት ያስተምራል። በዚህ እኮራለሁ።

አስመራጮቻችሁን ከፈቃደኞች መሐል በዕጣ አውጡ፤ አይኢቲኤፍም ድምፅ ያላቸውን 10 አስመራጮች የሚያወጣው በዕጣ ነው። የሚወዳደር ሰው ግን ዕጣ ውስጥ አይግባ። ለቆጠራው ከውጭ ሰው ከፈለጋችሁ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፤ ሐረጎን ወርጄ እመጣለሁ።