መልስ፦ ሁለቱን የሐምሌት ጓደኞች ከዛሬ ተቀጣሪ ጋር ለማገናኘት

«ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን ሚናቸው ትንሽ ነው፤ ከዛሬ ሠራተኛ ጋር በምን ላገናኛቸው?» ላልከው፣ ጽሑፍህን በሼክስፒር ተውኔት «ሐምሌት» ውስጥ ካለው ደብዳቤ ጀምር።

የዴንማርክ ንጉሥ ክላውዲየስ ሁለቱን የታሸገ ደብዳቤ አስይዞ ከልዑሉ ሐምሌት ጋር ወደ እንግሊዝ ይልካቸዋል። ውስጡ ያለው የሐምሌት የሞት ትእዛዝ ነው። ሐምሌት ሌሊት ከፍቶ ያነበዋል። በምትኩ አድራሾቹ እንዲገደሉ የሚያዝ ሌላ ጽፎ ያሽጋል። እነሱም የራሳቸውን ሞት ተሸክመው ይሄዳሉ። የዛሬ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛም ከላይ የወረደውን ውሳኔ ለደንበኛ ያነባል። ሲወሰን አልነበረም፤ ስድቡ ግን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ከዚያ ሁለት ቦታ ጨምር፦

1. ገቢር 2፣ ትዕይንት 2። ንጉሡ ሁለቱን በስም ጠርቶ ያመሰግናል። ንግሥቲቱ ወዲያው ቅደም ተከተሉን ገልብጣ ታመሰግናለች። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ግድ ይሰጠዋል? (መድረክ ላይ ጥሩ ሳቅ ይወጣዋል።)

2. ገቢር 4፣ ትዕይንት 2። ሐምሌት ሮዘንክራንትዝን ስፖንጅ ይለዋል። የንጉሡን ሞገስና ሽልማት ይመጥጣል፤ ንጉሡ ሲፈልግ ጨምቆ ያደርቀዋል። ስለ ቅጥር ኑሮ ከዚህ የተሻለ ቦታ ተውኔቱ ውስጥ አታገኝም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ሳርም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ሁለቱን ምስኪን አድርጎ መጨረስ ነው። ጓደኛቸውን ለመሰለል እሺ ብለዋል፤ የንጉሥ ውለታም ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ምን እንደሚል ያውቁ እንደሆነ ደግሞ ተውኔቱ በግልጽ አይናገርም። ጽሑፍህ እዚያ ጥያቄ ላይ ትንሽ ይቆይ።