«ጀልባውን ልተው?» ላለችኝ ተማሪ

ደብዳቤው የመጣው ከሲያትል ነው። የጻፈችው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምታጠናው የኅብረተሰብ ጤና ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ በየቀኑ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቀዘፋ ቡድን ውስጥ ነኝ። ድሮ መቅዘፊያ ይዤ አላውቅም፤ አንደኛ ዓመት ላይ ቁመቴን አይተው ‹ሞክሪ› ብለውኝ ነው የገባሁት። ቅዳሜ ከሰዓት የሐበሻ ልጆችን የቤት ሥራ አስጠናለሁ። ረቡዕ ማታ ለችግረኞች ምግብ የሚታደልበት ፉድ ባንክ አለሁ። አባዬ ተወልዶ ያደገበት አካባቢ ላለ ጤና ጣቢያም መዋጮ እናሰባስባለን፤ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ትንሽ ትንሽ ስልክ መደወል ነው። ባለፈው ኳርተር (የሩብ ዓመት ትምህርት) ጂፒኤዬ ከ3.6 ወደ 3.1 ወረደ። ጀልባዎቹ በብቃት ነው የሚደረደሩት፤ ከሁለተኛው ጀልባ ወደ ሦስተኛው አወረዱኝ። ባለፈው ሳምንት ፉድ ባንክ ካርቶን ሳሽግ የፕላስተሩን ጥቅል እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። እማዬ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ትላለች። አባዬ ደግሞ ‹ታንኳ ለመቅዘፍማ ጣና መች ጠፋ› ይላል። ለሰመር ኢንተርንሺፕ ማመልከት አለብኝ፤ ጊዜ ግን ከየት ይምጣ? ጀልባውን ልተው?»

እህቴ፣ አትተዪው። በዚህ ምክንያት አትተዪው።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ብዙ ነገር ተሸክመሻል፤ ልተወው ብለሽ የጠየቅሽኝ ግን ጀልባውን ብቻ ነው። ከሦስቱ በጎ ሥራዎች አንዷን እንኳ ለመቀነስ አላሰብሽም። ለዚህ ነው የአንድ ሳምንት ሰዓትሽን ቁጠሪና ላኪልኝ ያልኩሽ። ሳትሰለቺ ስለቆጠርሽ አመሰግናለሁ። አሁን አብረን እንየው።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኚ 56ቱ ይሄዳል። 15 ክሬዲት ይዘሻል፤ በዩኒቨርሲቲሽ ስሌት አንድ ክሬዲት ክፍሉም ጥናቱም ተደምሮ በሳምንት 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ይኼ 45 ነው። ቀዘፋው 20፤ ለመመላለሻ፣ ለመታጠቢያና ለፊዚዮቴራፒ 8 ብለሻል። ምግብ፣ አውቶቡስ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን 25። የሚተርፍሽ 14 ሰዓት ነው።

በጎ ሥራውስ? ማስጠናቱ 3፣ ፉድ ባንኩ 3። «ትንሽ ትንሽ ስልክ መደወል» ያልሽው መዋጮ ሲቆጠር 12 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ድምሩ 18። ለሥራ ፍለጋ 3 ሰዓት ጨምሪበት፤ 21። የጎደለሽ 7 ሰዓት ነው፤ በየሌሊቱ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ፕላስተር ይዘሽ ያንቀላፋሽው እሱን ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ትምህርትሽ አጥር አለው፤ ክሬዲት ተቆጥሮ ነው የሚሰጥሽ። ጀልባውም አጥር አለው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በውድድር ወቅት ልምምድን በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት በላይ አይፈቅድም፤ በሳምንት አንድ ቀንም ዕረፍት ግዴታ ነው። ጉዞና ሕክምና ከዚያ ውጭ ስለሆነ በተግባር ከ20 እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ቢሆንም አሰልጣኝሽ የማታልፈው መስመር አለ። በጎ ሥራሽ ግን ምንም አጥር የለውም። ማታ 5 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ትደውላለች፤ ታነሺያለሽ። ቫይበር ላይ «ማን ይሂድ?» ሲባል ሁሉም ዝም ይላል፤ አንቺ «እኔ» ትያለሽ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ደግነትሽ ነው። ግማሹ ይሉኝታ ነው። ደግነትሽን ማንም እንዲነካብሽ አልፈልግም። ይሉኝታው ግን እንቅልፍሽን እየበላ ነው።

ስለዚህ ከፉድ ባንኩ ጀምሪ። በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለረቡዕ ማታ ሌላ ሰው መመዝገብ ይችላሉ። እስከ ሰመር እረፍት ውሰጂ። ድንገት አትጥፊባቸው፤ የሁለት ሳምንት ጊዜ ስጫቸው። ማስጠናቱን ያዢው። እነዚያ ልጆች እንዳንቺ ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰሙ በእንግሊዝኛ የሚፈተኑ ናቸው፤ አንቺን የሚተካ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ትልቁ ጉዳይ መዋጮው ነው። በሁለተኛው ኢሜይልሽ ገንዘቡ በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ወደ ግል አካውንትሽ እንደሚገባ ስትነግሪኝ ደነገጥኩ። እህቴ፣ ይኼን ዛሬውኑ አቁሚ። አምንሻለሁ፤ የሚያዋጡትም ያምኑሻል። ግን በግል አካውንት የተሰበሰበ ብር አንድ ቀን «የት ደረሰ?» የተባለ ዕለት ማስረጃው የአንቺ ቃል ብቻ ነው። አገር ቤት ያለ እድር እንኳ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ብሩን አንድ ሰው ብቻውን አያንቀሳቅሰውም። አካባቢሽ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ሆኖ የተመዘገበ የኮሚዩኒቲ ወይም የእርዳታ ድርጅት ፈልጊና ገንዘቡን በእሱ ስም እንዲቀበል ጠይቂ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የሚሰጠው ሰው ለታክስ የሚሆን ደረሰኝ ያገኛል። ሁለተኛ፣ እናንተ አካባቢ ብዙ ሐበሻ የሚሠራበት ማይክሮሶፍትን የመሰለ ኩባንያ ሠራተኛው በሰጠው ልክ ከራሱ ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን ለተመዘገበ ድርጅት ነው። አንዱ ወንድማችን 200 ዶላር ሲሰጥ 400 ሊሆን ይችል የነበረውን በዜል እያስቀራችሁት ነው።

ሰብሳቢነቱንም አስረክቢ። ግሩፑ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «እስከ ሰኔ ድረስ በወር አንድ ጊዜ ሪፖርት እጽፋለሁ። ስልክ መደወሉን የሚረከቡ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናል። እስከ እሑድ ካልተገኙ የዚህን ወር መሰብሰብ እናቆያለን።» ከዚያ ስልኩን አስቀምጪ። ዝም ቢሉም «እኔ» አትበዪ። የመጀመሪያው ዝምታ ከባድ ነው፤ እኔም አልፌበታለሁ። ሪፖርት መጻፉ በወር 3 ሰዓት ቢወስድ ነው። ፉድ ባንኩና ስልኩ በሳምንት ከ14 ሰዓት በላይ ይመልሱልሻል፤ ከጎደለሽ እጥፍ ማለት ነው።

ወደ ጀልባው ልመለስ። ለኢንተርንሺፕ የላክሽልኝ ሬዙሜ ላይ ቀዘፋው መጨረሻው መስመር ላይ፣ «መዝናኛ» ከሚለው ሥር፣ ከምግብ ማብሰል ጋር ተቀምጧል። አውጪው! በሳምንት 20 ሰዓት የምትሠሪው ነገር መዝናኛ አይባልም። የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን፣ ከዜሮ ተነስተሽ መግባትሽን ጻፊ። ኤንሲኤኤ በ1997 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሴቶች ቀዘፋ ሻምፒዮና ሲያካሂድ ዋንጫውን የወሰደው የአንቺው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ ቡድን ውስጥ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ የሲያትል ቀጣሪ አይጠፋውም።

ኢንተርቪው ላይ «በጀልባ ኅብረትን ተማርኩ» እንዳትዪ። ሁሉም ቀዛፊ ይላታል። ወደ ሦስተኛው ጀልባ መውረድሽን ተናገሪ። «በማግስቱ ምን አደረግሽ?» ስልሽ የጻፍሽልኝ ትዝ ይልሻል? ሄድሽ። ሦስት ቁጥር ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። ከፊትሽ ያለችው አዲስ ልጅ መቅዘፊያዋን ከውሃ የምታወጣው እየዘገየች ነበር፤ በእሷ ምክንያት ጀልባው በየምቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ማንም ሳያዝሽ ከልምምድ በኋላ ለሁለት ሳምንት ኤርግ በሚባለው የቀዘፋ መለማመጃ ማሽን ላይ አጠገቧ ተቀመጥሽ፤ እጇ እስኪስተካከል ድረስ። ይኼን በሁለት ደቂቃ ተርኪላቸው። ተጨማሪ ማስረዳት አያስፈልገውም።

መዋጮውንም እንዲሁ። «እርዳታ እወዳለሁ» ከማለት ስንት ሰው እንዳዋጣ፣ ስንት እንደተሰበሰበ፣ በየስንት ጊዜው ሪፖርት እንደወጣ ጻፊ። አማርኛ ማንበብና መጻፍሽን ከላይ አድርጊው። የሲያትልና ኪንግ ካውንቲ ጤና ቢሮ በኮቪድ ጊዜ መረጃ በአማርኛም ያወጣ ነበር። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ሆነሽ የቤተ ክርስቲያን እናቶችን በቋንቋቸው ማናገር መቻልሽ ትልቅ ሙያ ነው።

ስለ ትምህርቱ ብዙ አልልም፤ እንቅልፍሽ ሲመለስ ጂፒኤሽም የሚመለስ ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ። የቀዘፋ ትልልቅ ውድድሮች ጸደይ ላይ ስለሆኑ ከባዱን የላብራቶሪ ኮርስ ወደ መኸር አዙሪው። ወደ 12 ክሬዲት ብትወርጂ አሁንም ሙሉ ጊዜ ተማሪ ነሽ፤ ነገር ግን ለመመረቅ 180 ክሬዲት ስለሚያስፈልግ የቀነስሽውን በሰመር ትከፍያለሽ። ምንም ከመንካትሽ በፊት አካዳሚክ አማካሪሽን አናግሪ፤ ስፖርተኛ ስለሆንሽ በየዓመቱ ልታሟዪው የሚገባ የክሬዲት መጠን አለ።

በነገራችን ላይ ሁዳዴም ከልምምዱ ጋር እንደሚገጥም ገልጸሽልኛል። 55 ቀን ያለ ሥጋና ያለ ወተት መቅዘፍ ይቻላል፤ በሽሮና በዳቦ ብቻ ግን አይሆንም። ቀድመሽ የቡድኑን የምግብ ባለሙያ አማክሪ፤ ጾሙን እንዴት እንደምትይዢው ደግሞ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ይኼ የእኔ ድርሻ አይደለም።

አሁን አባትሽ። ስለ ታንኳ ሲያወራ የሚያሳስበው እንጀራሽ ይመስለኛል። ይኼን ሁሉ ዓመት የደከመው ልጁ ሌሊት ተነስታ ውሃ ላይ እንድትንከራተት አልነበረም፤ ስለዚህ በጽሑፍ አታሳምኚውም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሞንትሌክ ከት በሚባለው ቦይ ላይ ዊንደርሜር ካፕ የተባለው የቀዘፋ ውድድር አለ። ከዳር ቆሞ ለማየት ክፍያ የለውም። እናትሽንም ጨምረሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ጀልባው አጠገባቸው ነው የሚያልፈው፤ ስምንቱ መቅዘፊያ እኩል ውሃ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ አባትሽ በጆሮው ይስማው።

እስከዚያው ድረስ ይኼን ንገሪው። በ1936 እ.ኤ.አ. በርሊን ኦሎምፒክ በስምንት ቀዛፊ ወርቅ የወሰደው የአንቺ ዩኒቨርሲቲ ጀልባ ነው። ብዙዎቹ እየሠሩ የሚማሩ የድሃ ልጆች ነበሩ። የአሜሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ሲያበቁ ለጉዞ ገንዘብ የለም፣ 5,000 ዶላር አምጡ ተባሉ። የሲያትል ሰው በጥቂት ቀናት አዋጥቶ ላካቸው። መዋጮውን ከተማው ያዘ፤ ልጆቹ ቀዘፉ።

ለግሩፑ የምትጽፊውን መልእክት ዛሬ ማታ ላኪው። አዲሱን ሬዙሜ እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ፤ አንድ ገጽ ይሁን። ቀዘፋው ከላይኛው ግማሽ ካልታየኝ እመልስልሻለሁ።