ጋሼን «ውጭ ያጭሱ» ማለት ውለታ ቢስነት ነውን?

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በቱሉ ዲምቱ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ድርጅት ሒሳብ ያዥ ሆኜ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቢሮአችን አንዲት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ መስኮቷ ሌባ ይገባል ተብሎ በላሜራ ተበይዷል። የድርጅቱ ባለቤት ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ተቀምጠው ያጨሳሉ። ነጠላዬ፣ ጸጉሬ፣ የምሳ ዕቃዬ ክዳን ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ስለሚል፣ እናቴ ነጠላዬን ደጅ ሳላወልቅ ቤት አታስገባኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፍሙ ያልጠፋ አመድ ወድቆ ሁለት ቅጠል ደረሰኝ አቃጠለብኝ። በሩ ይከፈት ስንል የብየዳው ጫጫታ ይብሳል ይሉናል፤ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅም ስታስል ትውላለች፣ እሷ ግን የከሰሉ ነው ትላለች።

ሰውየው አጎቴ ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ኮሌጅ ከፍለው ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ውጭ ያጭሱ» ብል ውለታ ቢስ እሆናለሁን? ወይስ ሥራውን ብተወው ይሻላል?

ሒሳብ ያዥዋ

ልጄ፣

ነጠላ ይታጠባል። እኔን ያስቆጣኝ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፍሻት ልጅ ናት። የከሰሉ ነው የምትለው ሌላ ለማለት አቅም ስለሌላት ነው፤ አንቺ አጎት አለሽ፣ እሷ ያላት የቀን ገቢዋ ብቻ ነው። ከሰልም ሲጋራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ፣ መስኮቱ በተበየደ ክፍል ውስጥም የሁለቱን ድምር የምትተነፍሰው እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ ሳቢያ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገልጻል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በዝግ የሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥም እንዲሁ ስለሆነ፣ ጋሼ ደፉ ላይ ቆመው ቢያጨሱም አያዋጣቸውም። ክልከላውን የማስከበር ግዴታው ደግሞ የራሳቸው የባለቤቱ ነው።

ዝምታን አክብሮት መስሎኝ የባሌን መተርኮሻ ሃያ ዓመት ያጠብሁ ሰው ነኝና ሚዛኔ ያዘነበለ ነው። ሥራሽን አትልቀቂ፤ አንቺ ብትሄጂ ያቺ ልጅ ከነሳሏ ትቀራለች። ደንበኛ በሌለበት፣ ማታ ሒሳብ ዘግታችሁ ስታበቁ ከጎናቸው ተቀመጪና በአዋጁ ሳይሆን በልጅቷ ሳል ጀምሪ። የወንድማቸውን ልጅ ያስተማሩ ሰው የሰው ልጅ ሲያስል አይጨክኑም ብዬ አምናለሁ። ከጨከኑ ግን የአካባቢያችሁ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አለ፤ ወደዚያ መሄድም ክህደት አይደለም።

ረከቦቱ ግን የጋሼን ውሳኔ ሳይጠብቅ ነገውኑ ወደ ግቢው ጥላ ይውጣ። ላሜራውንም ልጆቹ ይቁረጡትና ፍርግርግ ይበይዱበት፤ ለሰው ሁሉ መስኮት የሚሠራ ድርጅት ለራሱ አንድ አያጣም።